ምጥ በካዛንችስ

ደርባባ እህል ከተወች ሦስተኛ ቀኗ፣
ሰላጣው እንዳለ ጠውልጓል ከጎኗ።
በኋላ እግሯ ሲሚንቶ ትጭራለች፣
ታርፋለች፣ ትዞራለች፣ ደግሞ ትጭራለች።

ባለፈው ክረምት ነው ግቢው የተነጠፈው፣
ጭቃው አንገሽግሾን ገንዘብ አዋጥተን ነው፤
ስድስት አባወራ ፈርሞ ሲያሳልፈው
የእሷን ድምፅ ማን ቆጠረው?

ሐኪሙ በራጅ አየ፦ «አምስት ናቸው» አለ።
«ካልሲየሙ ይረዳል፣ ለብ ያለ ውኃም መልካም፤
የምትቆፍረው አፈር ካጣች ግን አትወልድም።»

ልብስ የማጥብበት ሳፋ ውስጥ ነከርኳት፤
እትዬ ዝማም ሲያልፉ ቆም ብለው አዩዋት።
«ምን ሆና ነው?»
«ምጥ ይዟት።»
ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ዋጥ፣ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣
ጎንበስ ብለው «ማርያም ትፍታሽ» አሏት።

ሲመሽ ጆንያ ይዤ ወረድኩ ከሚሠራው ፎቅ በር፤
ዘበኛው ባትሪውን ዐይኔ ላይ አበራ፦
«በዚህ ሰዓት አሸዋ? ለምን ሥራ?»
«ለወላድ» ከማለቴ
አካፋ አንስቶ ሞላልኝ፤
የቷ ወላድ አላለኝ።

ከደረጃው ሥር ከመርኩት፣ ውኃ ረጨሁበት፤
አሸተተች፣ ጥላው ሄደች።
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ግን አሸዋ ሲንሿሿ ሰማሁ።
ብነሳ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤
ወንድ አይታ አታውቅ፣ ልጅ አይወጣበት፣
ቢሆንም አፈር አለበሰችው፣ በሆዷ ጠቀጠቀችበት።

ጠዋት እትዬ ዝማም እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው
መልሰው ዘጉት፦
«ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት፤ ለእንቁላል ስንት ነው?»
አላወቅኩም። አምስተኛው ገና ሆዷ ውስጥ ነው።
ደርባባ ግን ከሰላጣው ጫፍ
አንዴ ነከሰች።