እንግዳወርቅ

አዘዞ ላይ ስቀበላት፣ እጄን ዘርግቼ ስጠብቃት፣
መጀመሪያ ጠርሙስ መዘዘች፤ ሁለት ጠብታ በቃት፤
መዳፏን አሽታ አሽታ፣ ከዚያ ነው የጨበጠችኝ።
«ኢንገቦርግ» አለች ስሟን። «እንግዳወርቅ» ያለች መሰለኝ።
«ሽባባው» ብላት አቃታት፤ «ሺባ» ብላ አሳጠረችኝ።

ሕጓ በደብተር ተጽፎ ከአገሯ አብሯት መጥቷል፤
በሽተኛ የሌለው ማዘዣ፣ ገጹ ከዳር ዳር ሞልቷል፦
ክዳኑ ሲከፈት ቀጭ ያላለ ውሃ፣ ጥርስም አይፋቅበት፤
በረዶ የገባበት ጭማቂ፣ ዓይንም አይጣልበት፤
ሙዝ በገዛ እጅ ይላጥ፤ የወጡ እንፋሎት ይታይ፤
ዝንብ የቀደመው ሳህን ላይ፣ ቢርብም እጅ አይታይ።
«ሰላጣው ታጥቧል» ብላት፣ እንደ ቅኔ መምህር አፈጠጠችብኝ፦
«ያጠበው ውሃስ የት ታጠበ?»
መልስ አጣሁ፤ ቆጨኝ።

እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ግንብ ሳስጎበኝ የኖርሁ፣
የግቢውን ድንጋይ በስሙ ጠርቼ «አቤት» ሲለኝ የሰማሁ፣
ከጋቢናው ለደምለው፣ ለሹፌሩ፣ በአማርኛ እንዲህ አልሁ፦
«ይቺ ሴት የገዛ ሆዷን ልትጎበኝ ነው እንጂ፣
ጎንደርን መች ልታይ መጣች?» ሳቅን እስከ ቁስቋም ደጅ።
እዚያም ጠበል ሲረጩ፣ አጎንብሳ ቀረበች፤
ግንባሯን አስረጨች በክብር፤ ከንፈሯን ግን ገጠመች።

ቅዳሜ የጓደኛዬ ልጅ ክርስትና፣
ሳሙና በር፣ ሳሙና ያለቀበት ቤት።
ቧንቧው ከመጣ ዘጠኝ ቀን፤ ጀሪካኑ ተሰልፎ፣
ጠላው በየትኛው ውሃ ተጠመቀ፣ ማን ይጠይቃል ተጠርቶ?
ሙዳው ቀይ፣ ቢላው ስል፣ ሚጥሚጣው የሚያስነጥስ፤
እሷ ከቦርሳዋ እንቁላል፣ ቅቅሉን፣ ልጣ ስትጎርስ፣
የልጁ አክስት ወይዘሮ ትሁኔ ጠቅልለው መጡ ወደሷ፣
ቡጢ የሚያህል ጉርሻ። አመድ መሰለ ፊቷ።
ዓይኗ ለመነኝ።
«ለሷም ለኔም» ብዬ አፌን ከፈትሁ፤ ቤቱ በእልልታ ተቀበለ፤
«አንድ ጉርሻ ያጣላል» ተብሎ ሁለተኛው ተከተለ፤
ሦስተኛው ለክርስትናው። ሆዴ ምንም አላለ፣
እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት።

በነጋታው ከግንቡ ደረጃ፣ ከታሪኩ መሐል ላይ፣
ላቤ ከጆሮዬ ሥር ወርዶ፣ ዓይኔ ሁለት ግንብ ሲያይ፣
«ከዚያ ንጉሡ —» ብዬ ሮጥሁ።
አራት ጊዜ ተመለስሁ፤ አራት ጊዜ «ከዚያ ንጉሡ —» አልሁ።

በአምስተኛው ከጥላ ሥር አስቀመጠችኝ እጄን ይዛ፤
ከዚያች ከሳቅሁባት ቦርሳ አንዲት ከረጢት መዝዛ፣
በታሸገው ውሃ በጠበጠች ጨውና ስኳሩን፣
«በጉንጭ፣ በጉንጭ» እያለች ትቆጥራለች ደቂቃውን።

ኀፍረቴን ልሸፍን፣ «ደብተሩን ማን ጻፈው?» አልኋት።
«እኔ። ከባሌ ጋር ሊዝበን ሄደን፣ ገና በመጀመሪያው ማታ
አንድ ሳህን ቀዝቃዛ ሩዝ ነው ያሳተኝ።
ሰባት ቀን እኔ ከሽንት ቤት በር፣
ሰባት ቀን እሱ ብቻውን ከባሕሩ ዳር።
አብረን ሳናየው ተመለስን። በኅዳር ሞተ።»

ሆዴ ባባ።
ይሄ ሌላኛው ሆድ ነው፤ ጨውና ስኳር አያውቅም።
ስሟንም ያን ቀን ገባኝ፣ አዘዞ ላይ አልተሳሳትሁም።

ዛሬ ሳሙና ከኪሴ አይለይም፤ «ፈረንጅ ሆንህ» ይላል ደምለው።
ለእንግዶቼ ደብተሩን አነባለሁ፣ የጠርሙሱን ክዳን እያስጮኽሁ።
ወይዘሮ ትሁኔ ጉርሻ ሲያመጡ ግን፣
«እጅዎን ታጥበዋል?» ማለት እስካሁን አልቻልሁም።
አፌን እከፍታለሁ።

ያን ዕለት ማታ፣ ሲሻለኝ፣ ከሆቴሉ በረንዳ ላይ፣
ጎንደር መብራት ስትለኩስ፣ ቁልቁል አብረን ስናይ፣
«ሺባ» አለችኝ፣ «ንጉሡስ? ከዚያ ምን ሆነ?»

«ንጉሡማ» አልኋት፣
«ውሃው ፈልቶ እስኪበርድ ቁጭ ብሎ ጠበቀ።»