ተቀናሽ

በወር መጀመሪያ፣ ባንኩ ሳይከፈት፣
ለገሐር ደጃፉ ቆመናል ከሌሊት፤
ከፊቴ አንድ ሻምበል፣ ከኋላዬ መምህርት።
መስታወቱ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፦
«ከዚህ ወር ጀምሮ፣ ለሀገር ሲባል፣
ከደመወዝም ከጡረታም፣ ከመቶ አሥር እጁ
ከሁሉም እኩል ይቀነሳል።»

እኩል።

ሻምበሉ መነጽሩን በከረባቱ ጫፍ ጠረገ፤
«እኩል ከሆነማ» አለ፣ ባርኔጣውን ዝቅ አደረገ።
እኔ ግን ቃሏን ዐውቃታለሁ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት በእጄ ጽፌያታለሁ።
ፔሮል ሠሪ ነበርኩ፤ ከአምባሳደር በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣
ካርቦኑ ጥፍሬ ሥር ገብቶ እስከ ዛሬ የማይለቅ።
የግብር፣ የብድር፣ የቀሪ ተቀናሽ፤
የሰውን ወር እንደ ዳቦ ስሸርፍ ኖርኩ፣ እኔው ቆራሽ።

ትርንጎ ደረጃ አጣቢ ነበረች፤
አንድ ሰኔ ልጇ ታሞ ሦስት ቀን ቀረች።
ሥራ አስኪያጁም ያን ወር ሦስት ቀን ቀረ፣ ሶደሬ ሲዋኝ፤
ደንቡ አንድ ነው ብዬ ከሁለቱም ቆረጥኩ፤ ፍርዴ ፍርድ መሰለኝ።
እንዲያውም ኮርቼ ማታ ፒያሳ ወጣሁ፤
እንደ ጨዋ ዳኛ፣ ኬክ በሻይ አዝዤ በላሁ።

እሱ ቀልድ እያወራ፣ ሳያይ ፈረመ።
እሷ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ፣
ከወረቀቱ በላይ አንጠልጥላ ቆየች፤
«ጋሼ፣ ይቺ የጎደለችው ስንት ዳቦ ናት?» አለች።
«ቁጥር ናት እንጂ ዳቦ አይደለችም፤ ጣትሽን አሳርፊ፤
ከኋላሽ ሰው አለ፤ እለፊ።»

ሰልፉ ሲያጉረመርም፣ ሶፍትና ማስቲካ የሚያዞር ልጅ
ሳጥኑን ከአንገቱ አንጠልጥሎ ቆመ በሩ ደጅ፤
«እናንተስ ታድላችሁ» አለ፤ «ከእኔ ማን ይቀንሳል?
ለመቀነስስ፣ አባባ፣ መጀመሪያ መኖር ያስፈልጋል።»
መምህርቷ ዝም አለች። ሻምበሉ ሶፍት ገዛው።
እኔ በሂሳብ ልረታው ፈለግሁ፤
ሂሳቡ አልወጣልኝም።

ተራዬ ደረሰ። ማሽኑ ቆጠረው፣ እኔም ደገምኩት በጣቴ፤
«ጎደለ» አልኳት። «ተቀናሽ ነው፣ አባቴ።»
ወደ ቀዳዳው ጎንበስ አልኩ፤
«ልጄ፣ ይቺ የጎደለችው ስንት ዳቦ ናት?» አልኩ።
ቀና ብላ አየችኝ።
ያን አስተያየት ዐውቀዋለሁ፤ የእኔ ነበር።
«ከኋላዎ ሰው አለ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ዞር ብል፣
ሰልፉ ሽቅብ ወደ ፖስታ ቤት ታጥፏል፤
ጃኬት ሁሉ ክርኑ ላይ ነጥቷል።
ሳላስበው ከመሀሉ ትርንጎን ፈለግሁ።
ከየት ትምጣ?
ኮንትራት ነበረች፤ በየሦስት ወሩ የምትታደስ፣ በየሦስት ወሩ የምትፈርስ፤
ከእሷ ወር ላይ ያልቆረጥኩት አንድ ነገር ቢኖር
የጡረታ መዋጮ ነበር።