ቁልፍ

በኤምስ፣ አይዋ፣ በየካቲት እሑድ ማታ
የጭነት ባቡሩ ጮኾ አለፈ፣ ከተማዋን ለሁለት ከፍሎ ላንዳፍታ።
እኔ ምድር ቤት ነኝ፤ ካፖርቴን ደርቤ፣
አንድ ቁንጥር ዱቄት ከኤክስሬዩ ፊት አቅርቤ።

ጋዶሊኒየም ነው፤ ሲሊከንና ጀርመኒየም ያለበት።
ዶሪን ሃልቮርሰን ናት ያቀለጠችልኝ፣ ዓርብ ከሰዓት፤
ሠላሳ አንድ ዓመት በዚያች የመዳብ ምድጃ ፊት
በጥቁር መነጽር እንዳጎነበሰች ጠጉሯ የነጣባት።
አየሩን መጥጣ ታወጣለች፣ አርጎን ትሞላለች፣
መብረቁን እንደ እርሳስ ይዛ ብረቱ ላይ ትነዳለች።
«አንዴ የቀለጠ አይታመንም» ባይ ናት፤
አምስቴ ትገለብጠዋለች፣ አምስቴ ታቀልጠዋለች፣
ከዚያ ጥፍር የሚያህል ድብልብል ነገር መዳፌ ላይ ጣል።
«ቁልፍ» ይሉታል እዚህ። የሸሚዝ ማለታቸው ነው።
በእኔ ቋንቋ ግን ቁልፍ የበርም ነው፤
ይህን ነግሬያት አላውቅም፣ ለምን እንደሁ እንጃ።

ዘሩ ብርቅዬ ይባላል። ብርቅስ አይደለም፤
ከቆርቆሮ ይልቅ ሞልቷል በምድር ቅርፊት።
የቸገረው መለየቱ ነው፦ ዐሥራ ሰባት ወንድማማች
ባንድ ድንጋይ ተቃቅፈው፣ መልካቸው ሁሉ ያንዲት እናት፣
አንዱን ስትጠራ ሁሉም «አቤት!» የሚሉበት።

ዓርብ ለካሁት። ዛሬም ለካሁት። ያው ዱቄት፣ ያው ሰሌዳ፣ ያው ጨረር፤
ዓርብ መንታ የነበሩት ጫፎች ዛሬ አንድ ሆነዋል፣
ሌሎቹም የሉ ከነበሩበት ድንበር።
በቀይ እስክሪብቶ «ይጣል» ብዬ መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፤
ሌሊት መሆኑን ረስቼ ዶሪን ቤት ደወልኩ።
«ያቀለጥሽው ተበላሽቷል» አልኳት፣ እንደምን አመሸሽ ሳልል።
ዝም አለች። ከኋላዋ የእህቷ ሳል።

(እሷ ፎቅ፣ እህቷ ምድር። በጋውን በር ዘግተው፣
የደረጃው እጀታ ላይ ወረቀት እየለጠፉ ነው የሚነጋገሩ።
ማሞቂያው የሞተ ለታ ግን አንድ ክፍል፣ አንድ ብርድ ልብስ።)

«ክፍሉ ስንት ዲግሪ ነው?»
ቀና አልኩ። ከጣሪያው ሥር ያለችው መስኮት ጣት ታህል ተከፍታ
ጠርዟ ላይ በረዶ ጋግሯል። ግድግዳው ላይ፦ አንድ ዲግሪ።
ለካ ዓርብ ሙቀት ሲያፍናት የከፈተቻት እሷው ናት።
«ረሳኋት» አለች፤ ሳቀች።
«አልተበላሸም፣ ልጄ፤ በርዶት ተቃቅፎ ነው።
የተረፈው መሳቢያ ውስጥ አለልህ፤ ማግኔቴንም ውሰድና ሞክረው።»

ያኔ ገባኝ። ውስጡ ወለል በወለል የተነባበረ ነው፤
ወለልን ከወለል የሚያይዙት ጥንድ ጥንድ አቶሞች፣ እጅ ለእጅ።
ሲሞቅ ግማሾቹ እጃቸውን ይለቃሉ፤
ወለሉ ሸርተት ይላል፣
የአንዲት ፀጉር ውፍረት ለሚሊዮን ቢከፈል ያን ታህል፣
ቀጥ ያለው ሣጥንም ይንጋደዳል።
ሲበርድ መለስ፤ የተለያዩት ይጨባበጣሉ፣
ማግኔትነቱም ይነቃል።

መሳቢያውን ሳብኩ። በበቆሎ ቅርጽ የተሠራችውን፣
የምሳ ዝርዝሯን ማቀዝቀዣው ላይ የምትይዝላትን ማግኔት
ከቁልፉ ጋር አገናኘሁ። ጥብቅ!
ጓንቴን አወለቅኩ፣ ቁልፉን ጨበጥኩ፤
ስልኩ ትከሻዬ ላይ፣ እሷም አልዘጋች፣ እኔም አልተናገርኩ።
በመዳፌ ሙቀት ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን እጅ
ያለ አንዳች ድምፅ መላቀቅ ጀመረ።
የተሰማኝ ይህ ብቻ፦ ሊሞቅ ሲገባው
ቀዝቀዝ እንዳለ ቆየ፣ ሙቀቴን እየጠጣ፣ ሳይጠግብ።
ከዚያ የበቆሎዋ ማግኔት ወለሉ ላይ ዱብ።

«ምንድን ነው የወደቀው?»

«ተከፈተ» አልኳት።