መሬት ቁልፍ ነበረች

ለልጆቼ መሬት ቁልፍ ነበረች፤
በአሳንሰሩ ግድግዳ ላይ፣ ከቁጥሮች ሁሉ ሥር፣
ጣት ሲነካት የምትበራ፣ የተፋቀች ዜሮ ቁጥር።
ሮተርዳም፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ተወልደው፣
እሴት ተንጠራርታ፣ በእግር ጣቷ ቆማ፣
ትጫናት ነበረ ወንድሟን ቀድማ፤
ኖላዊ ከደረቴ ሳይወርድ፣ በአፍንጫው።

መርዕድ ነው ያነሳው ነገሩን አንድ ማታ፣
ልጁን ሳል አፍኖት፣ እሴትም ነቅታ።
"እንውጣ ከዚህ" አለ። "ፍሪስላንድ፣ ሰሜን፣
ጓሮ ያለው ቤት አየሁ፣ አቅማችን የሚችለውን።"
ፎቶውን አሳየኝ፤ ጣሪያው የዘመመ፣
ከደጁ ፊት ለፊት ቦይ የተጋደመ።
ቤቱን አላየሁትም። ያየሁት ውሃውን ነው።

"ገጠርማ እዚህም ሞልቶ!" አለች በስልክ እናቴ፣
"ጭቃ ልታቦኪ ነው ባሕር የተሻገርሽው? ንገሪኝ በሞቴ።"
ወዳጅ ጎረቤቱም፣ እቃ ሲያሳስሩን፣
"ሰው ይወጣል እንጂ ይወርዳል ወይ?" አሉን።

ወረድን።
ከዘጠኝ ወደ ዜሮ፣ ለመጨረሻ ጊዜ፣
ፍራሹን፣ ድስቱን ይዘን፣ እኔ ደሞ ትካዜ።

ስንደርስ መሽቷል። መብራት የለም መንገዱ ላይ።
እሴት ከመኪናው ወርዳ አንጋጠጠች ወደ ሰማይ፣
"እማ፣ ማን ነው ያጠፋው?"
እውነቷን ነው። በወደብ ክሬኖች ሥር ላደገ ልጅ
ሌሊት ብርቱካንማ ነው እንጂ፣
ጥቁር መሆኑን ማን ነግሮት?

በማግስቱ ኖላዊ በፒጃማው፣ ከበሩ ጎን ቆሞ፣
ግድግዳውን ይዳብሳል።
"ምን ጠፋብህ?"
"ቁልፏ።"
"የምን?"
"የመሬት።"
ከፈትኩለት። መሬት እዚያው ደጁ ሥር ነበረች፣
ማንም ሳይጠራት መጥታ፣ ስትጠብቀው ያደረች፤
እርጥብ፣ ጥቁር፣ ትል የሚርመሰመስባት።
አንድ እግሩን አሳርፎ፣ መልሶ አንስቶ፣
ጫማውን ገልብጦ አይቶ፣
ሌላውን አስከተለ።

አልዋሽም፤ ኅዳር ሙሉ ዘነበ።
አውቶቡሱ በቀን ሁለቴ ነው፤
መርዕድ ሰኞ ይሄዳል፣ ሐሙስ ይመጣል፤
ትራም የለመደ ጆሮዬ በዝምታው ደነቆረ።
እኔ መስኮቱ ላይ ተተክዬ ልጆቼን እጠብቃለሁ፤
ውሃውም ልጆቼን ይጠብቃል።

ጎረቤታችን ሲፕከ፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ፣
የወተት ቦቴ ሲነዳ ነው ያለቀው ጉልበቱ፤
እጁን ከማንሳት በቀር ሰላም ብሎን አያውቅም።
አንድ ቅዳሜ ማለዳ ግን፣ በጋሪ ጭኖ ችካል፣
ሽቦ፣ መዶሻ፣ የዛገ ምስማር፣
ሳንጠራው ገባና፣ በቤቱና በቦዩ መካከል
እስኪመሽ ቸነከረ።
"ስንት ልክፈል?" ስለው እጁን በሱሪው ጠረገ፣
በአገጩ ወደ ውሃው ጠቆመኝ።
"እህቴ" አለ። "አራት ዓመቷ ነበር።"
ስሟን አልነገረኝም። ሻዬንም አልጠጣ።
መዶሻውን ረስቶት ሄደ፤ ወይም ተወልን።

ሚያዝያ ላይ ከተማ ወረድን፤ ወይስ ወጣን?
ለወዳጅ ልጅ ልደት፣ ስምንተኛ ፎቅ።
እዚያ ሶፋ ላይ፣ ትራሙ በሥራችን ሲያልፍ፣
ስድስት ወር የጠፋብኝ መጣ እንቅልፍ፤
ኬኩ ሲቆረስ አልሰማሁም።
አፍሬ ለመርዕድ አልነገርኩትም።

ስንመለስ ተራው የኖላዊ ነበር።
ተጫናት። በራች። ወረድን። በሩ ተከፈተ፤
ነጭ ሴራሚክ፣ የፖስታ ሣጥኖች፣ ጎማ የሌለው ብስክሌት።
ልጄ ደፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል አየና፣
"ይቺ አይደለችም" አለኝ፣
እንደገና ተጫናት።