ከብልጭታው እስከ ድምፁ

ጳጉሜ ልትወጣ አንድ ሌሊት ሲቀራት፣ ዝናቡም ሲያባራ፣
አባቴ ኤንትሬውን ያስነሳል፤ ሦስቴ ትስላለች፣ ከዚያ ታጓራ።
ከኋላ እኛ ነን፤ ሸራው ላይ ሰሌን አንጥፈን፣
አንዷን ጋቢ ለአራት ተካፍለን፦
ነጋሳ፣ እኔ፣ ምንትዋብ፣ የጎረቤታችን ልጅ ከድር፣
አባቱ “ርችት ሃይማኖት የለው፣ ይሂድ” ብለው የሚሸኙት እስከ በር።

ከሄርማታ ወደ ጅሬን፣ ሽቅብ፤
ጭቃው ጎማ ጨብጦ “እዚሁ እደሩ” ሲል፣ እናቴ ከጋቢና “በስመ አብ!”
ዳገቱ ወገብ ላይ አባ ፊጣ አጥር ከፍተው ይቆያሉ፤
“ዘንድሮም ጥጃዬን ልታስደነግጡ መጣችሁ?” ይላሉ።
ለኋላ ጎማ ታኮ የሚሆነውን ድንጋይ ግን
ካምናው ቦታ አንስተውት አያውቁም።

ጂማ ከታች ናት፤ ቆርቆሮዋ እርጥብ፣
ችቦው እዚህም እዚያም ብቅ ጥልቅ ሲል በየደጃፉ።
አዌቱ አይታይም። “መብራት የሌለበት መስመር፣ እሱ ነው” ይላል አባቴ።

ከዚያ ከስታዲየሙ በኩል አንዲት ክር ሽቅብ ተሳበች፣
ቆመች፣ ሐሳብ የቀየረች መሰለች፣
ተበተነች።
ቀይ። ድምፅ የላትም።
“ቁጠሩ!” ይላል አባቴ፣ “ብርሃን መኪና አለው፤
ድምፅ እግረኛ ነው።”
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...
ሰባት ላይ፣ ዱብ!
ደረታችን ውስጥ። ሸራው ውስጥ። በአባ ፊጣ ጥጃ ጉልበት ውስጥ።

የሁለት ሺው ዋዜማ መቁጠር አቃተን፤
ሰማዩ ሙሉ ተኩሶ አንዱ ካንዱ ተምታታብን።
ነጋሳ “ይሄ የየትኛው ድምፅ ነው?” ብሎ ሲጠይቅ
አባቴ እንደ መኪናው እስኪያስል ድረስ ሳቀ፣ ሳቀ።

ደመና የወረደበት ዓመትም ነበር፤
ምንም አላየንም፤ ጉሙ ብቻ ከውስጥ አረንጓዴ ሲሆን፣
ፋኖስ እንደተለኮሰበት ድንኳን።
ምንትዋብ አለቀሰች። “መጋረጃ ነው እንጂ አሉ” አላት፤
ያላየነውን ቆጠርን። ሰባት ላይ መጣ፣ ቃሉን አላጠፈባት።

አንዱን ዓመት ከቦንጋ ሲመለስ ጎጀብ ላይ ጭቃ ያዘው።
እናታችን ከቤት ጀርባ የውሃ ታንከሩ ላይ አወጣችን፣
ርችት ሲተኮስ ጆሮዋን የምትደፍነው እናታችን።
ብልጭ ሲል ቁጥር አልጠራችም፣
ስሙን ጠራች፤ ዝግ ብላ፣ ድምፁ እስኪደርስ ሁለት ጊዜ።
በማግስቱ ከነጭቃው ሲገባ “እኔም አይቻለሁ” አለ።
ከጎጀብ ምን ይታያል? ማንም አልጠየቀ።

ኤንትሬዋ በኪሎ ተሸጠች።
ነጋሳ ሐዋሳ ገባ፤ ከድር አጋሮ ሱቅ ከፈተ።
ምንትዋብ የበዓል ዋዜማ አዳሯ ሆስፒታል ነው፤
ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት ትደውላለች፣
“እዚህ ሁለት ብቻ ነው፣ በጣም ቀረበ” ትላለች፣
ቅሬታ ይመስላል።

እኔ ባጃጅ እነዳለሁ። አባቴ ከኋላ፣ ልጄ ሲፈን ጭኑ ላይ።
ዳገቱ ግማሽ ላይ ሞተሩ ይግላል፤ የአባ ፊጣን አጥር ሽቅብ ስናይ
የልጅ ልጃቸው በባትሪ “ኑ” ይለናል፤ የቀረውን በእግር።
ድንጋዩ አለ። ባጃጅ ታኮ አትፈልግም፤
አባቴ ግን ይቀመጥበታል።

ጆሮው አይሰማም። ሠላሳ ዓመት ጋቢና ውስጥ ጮኸችበት፣
ስትሸጥ ይዛው ሄደች።
ብልጭ ሲል ይቆጥራል፣ ጮክ ብሎ፣ የማይሰማ ሰው አቆጣጠር፤
የአባ ፊጣ ከብቶች ጆሮ ያቆማሉ።
ሰባት። ዱብ ይላል።
እሱ ይቀጥላል፤ ስምንት፣ ዘጠኝ፣
አሥራ አንድ ላይ ፊቱን ወደ እኔ ያዞራል፦ “መጣ?”

አፌን ሳልከፍት ሲፈን ትቀድመኛለች፤
ትንሿን እጇን ጨብጣ
ደረቱን በቀስታ፣
ዱብ።

“አሃ” ይላል። ከተማውን ቁልቁል ያያል።
“ዘንድሮ ዘገየ። መንገዱ ጭቃ ሆኖበት ይሆናል።”