ጥርስ የሌላት ተከሳሽ

አጎቴ ሙአመር ትቶልን የሄደው
መሬት አልነበረም፣ ሣጥን ሙሉ ቃል ነው፤
ከሻይ ፋብሪካው ደረሰኝ ጀርባ ላይ
በእርሳስ የጻፈው፣ ደብዝዞም የሚታይ።
ሪዜ ፍርድ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ጻፈ፤
ቀኑ በሰው ክስ ላይ፣ ማታው በቃል አለፈ።

ጭር ባለ ሌሊት፣ መኪና ሳይመጣ፣
ቆሞ የሚጠብቅ ሰው፣ አረንጓዴው እስኪወጣ።
"ጣውንቴ" ትለው ነበር አክስቴ ደንቡን፣
ከእሷ ይልቅ እሱ ስለያዘው ልቡን።

ዝናብ ሲጥል ዋለ። ካርዶቹን ዘርግቼ
አንዲቱን አነሣሁ፣ ከሁሉ ለይቼ።

"ቺይኔሜክ" ይላል።
አንድ፦ ማኘክ በጥርስ፤
ላም ስታመሰኳ፣ ልጅ ማስቲካ ሲጎርስ።
ሁለት፦ መርገጥ በእግር። መናፈሻው በሩ
ሰሌዳ ቆሞበት፣ እንዳይረገጥ ሣሩ።
ሦስት፦ መዳጥ በጎማ። የጎረቤት ውሻ
ኅዳር ላይ እንደሞተው፣ ከድልድዩ መድረሻ።
አራት፦ ሕግ መጣስ።
እዚህ ጋ እርሳሱ
ወረቀት በስቷል፣ ተጭኖት በጥርሱ።

ምሳሌው ሰው አለው፦ ሻዚዬ ነው ስሟ፤
የሻይ ቅጠል ስታዝል ጎብጧል አቋሟ።
አርባ ዓመት የሄደችው ያ ቀጭኑ መንገድ
ሣር ተዘራበትና ተወጠረ ገመድ።
እሷ ግን ጎንበስ ብላ ሾለከች ከሥሩ፤
እግሯ ያውቀው የለ ድንጋዩን ከነስፍሩ?
ደንብ አስከባሪው ጽፎ ሰጣት ቅጣት፤
አልከፍልም ብትለው ከዳኛ ፊት አመጣት።

ዳኛው ያንኑ ግሥ መዝዞ ጠየቃት፤
የትኛውን ፍቺ እንደያዘች ማን አወቃት?
አፏን ከፍታ አሳየችው፣ የድዷን ባዶ ሜዳ፦
"በምኔ ላኝከው ልጄ? ወርቁንም ሸጥኩት ለዕዳ።"

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ዳኛው ሳቁን ዋጠ፤
ሕግ ግን አይስቅምና ቅጣቱን ቆረጠ።

ካርዷን ገለበጥኳት።
"አምስት" ይላል። ፍቺው አልተጻፈም፤
አንዲት ምሳሌ አለች፣ ከዚያ አላለፈም፦
"ማታ ስትመለስ፣ ቅርጫቷን ተቀብዬ
ገመዱን አነሣሁ፣ 'እለፊ፣ እናቴ' ብዬ።
ከኋላ ተከተልኳት።
ሣሩ ለስላሳ ነበር። አልዋሽም።"