ሰባት ቤት

ናሃሪያ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ባሕር በሚያይ መስኮት፣
የማዳም ዴልፊን ሥራ ሙት መፈለግ ነው፣ ቀን ከሌት፤
እኔ ክኒናቸውን ሰጥቼ አጉሊ መነጽር እይዛለሁ።

ኦዚት ቧቬር። የአያታቸው እናት።
ከኩቤክ በባቡር ወርዳ ጥጥ ፋብሪካ የገባች።
እስከ ድንበሩ አለች፤
ከዚያ ወዲያ መሬት ዋጠቻት፣ መዝገብ ካዳት።

ዛሬ ተገኘች።
ጸሐፊው ስሟን ተርጉሞት ኖሯል፦
ቧቬር፣ አረንጓዴ እንጨት፣ በእንግሊዝ አፍ ግሪንውድ።
ማዳም ሳቁ። ቆይተው አለቀሱ።

እኔን አሽቀሎን ላይ
ጸሐፊዋ ቀና እንኳ ሳትል
«ቲርጻ» ብላ ነው የተገላገለችኝ።
ሰባት ቤት የሚቆጥር የልጅ ልጄ ማን ብሎ ይጠራኛል?

የክኒኑን ካርቶን ቀደድኩና
ትርንጎ ብዬ በፊደል ጻፍኩ፤
ከቧቬሮች መሃል ሸጎጥኩት።